ግሱ ኋላ ወንበር ላይ

መኪና መንዳት የምታስተምረው ሴት የባሏን አባት ይዛ ሥራ የገባችው ወዳ አይደለም፤ ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው ያስገደዷት። ሳሎኑን ሊቀቡ በጠዋት የመጡት ሁለት ሰዎች ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብሩሻቸውን አጥበው፣ መሰላላቸውን ተሸክመው ውልቅ አሉ። አንደኛው ግድግዳ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እንደ ድሮው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ደውላ ስትጠይቅ አለቃቸው በጨዋ አንደበት፣ «እመቤቴ፣ ሥራው አልከበደንም። አባባ ናቸው የከበዱን» አላት።

ምን እንደሆነ ሳይነግራት ገባት። አማቷ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ጤናቸው የተሟላ፣ ንጹሕ፣ ሸሚዛቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ ሰው ናቸው። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፤ አንድ የላቲን ግስ ይወዳሉ። ሌላው ሰው ልጁን ወይም የኳስ ቡድኑን እንደሚወድ ነው የሚወዱት። ግሱ «ሴዴሬ» ይባላል፤ ትርጉሙ መሄድ ነው። በቋንቋው አፋቸውን የፈቱት ሰዎች ካለቁ ዘመናት አልፈዋል፤ ግሱ ግን እንግሊዝኛ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ፣ ግንባሩ ላይ ቁርጥራጭ ቃል እየለጠፈ፣ መልኩን እየቀያየረ ይኖራል። ወደፊት ሲሄድ «ፕሮሲድ»፣ ወደኋላ ሲሄድ «ሪሲድ»፣ ልኩን ሲያልፍ «ኤክሲድ» ይባላል። አባባ እነዚህን ቃላት የአንድ ቤት ልጆች አድርገው ነው የሚያዩዋቸው። የትኛው ጨዋ እንደወጣው፣ የትኛው እንደባለገ፣ የትኛው አባቱን እንደማይመስል ተናግረው ለመጨረስ አንድ ከሰዓት አይበቃቸውም። ተማሪዎቻቸው «ሂድ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበርና፣ በኮሪደሩ ብቅ ሲሉ «ሂድ መጣ» እየተባለ ይሮጥ ነበር።

የኛ ቋንቋ ደግሞ አላገዘም። ያለ «ሄደ» ግማሽ ቀን መዋል አይቻልም። መብራት ይሄዳል፣ ሰዓት ይሄዳል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ልብ እንኳ ይሄዳል። የሴትዮዋ ባል ጠዋት ከቤት ሲወጣ «ሄድኩ» ማለቱን ከተወ ቆይቷል፤ እጁን ብቻ አወዛውዞ ሹልክ ይላል። ቀቢው ምስኪን ይህን በምን ይወቀው? የቀለሙን ባልዲ ከፍቶ «አባባ፣ ይሄ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል?» አላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይሄዳል ስትል፣ ልጄ፣ በየትኛው ትርጉሙ?» አሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መሰላሉ ይናገር።

ባልየው በዚያ ሳምንት ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። ቤቱ በቀለም ሽታ ታፍኗል፤ አዛውንቱን ለብቻቸው እዚያ መተው አይሆንም። ስለዚህ አሰልጣኟ በማግስቱ የማስተማሪያ መኪናዋን የኋላ በር ከፈተችላቸው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ።»

«ምን ልጄ?»

«ግሱን ቤት ይተዉት።»

«የትኛውን ግስ?» አሏት፣ ልክ ሌላ እንዳላቸው ሁሉ።

በሩን እንደያዘች ጠበቀቻቸው። እሳቸውም ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፣ መልሰው ከፍ አደረጉ፣ ከዚያ «እሺ፣ መኪናው ውስጥ ትንፍሽ አልልም» አሉና ቀበቷቸውን አሰሩ።

የዕለቱ ተማሪ የጥርስ ሐኪም ናት። ይህቺ ዶክተር በክሊኒኳ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈራት ሴት ነች። በሩን ከፍታ «አፍ ክፈት» ስትል፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ከፍተው ይገኛሉ ይባላል። መሪ ስትጨብጥ ግን ያቺ ሴት የት እንደምትገባ አይታወቅም። ለሁሉ ቅድሚያ ትሰጣለች። ለእግረኛ ትሰጣለች፣ ለብስክሌት ትሰጣለች፣ ዳር የቆመ መኪና ካየች «ይነሳ ይሆናል» ብላ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን አደባባይ ላይ ቆማ ከመቅረቷ የተነሳ ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መስኮቷን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ተበላሽቶብሽ ነው?»

«አይ፣ ቅድሚያ እየሰጠሁ ነው።»

«ለማን?»

ዞር ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። «ለሚመጣው» አለች።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቃለች። በሦስተኛው ፈታኙ የሚያነበው ጋዜጣ ይዞ ነው የመጣው። አራተኛው ፈተና ከነገ ወዲያ ነበርና አሰልጣኟ ያለ የሌለ ትዕግሥቷን ሰብስባ ነበር የተቀመጠችው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ነበር። አባባ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀምጠዋል። ዶክተሯም አልፎ አልፎ መንዳት የሚመስል ነገር ታደርጋለች። መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ ግን እንደለመደችው ቆመች።

«ዶክተር፣ መንገዱ ያንቺ ነው» አለች አሰልጣኟ።

«ያ አውቶቡስ ይለፍ።»

«አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ነው። ሹፌሩ ወርዶ ሻይ እየጠጣ ነው። ሂጂ።»

ከኋላ ወንበር «እህ» የሚል ሳል ተሰማ።

«ሂጂ እኮ ነው የምልሽ፣ ዶክተር። ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ሳሉ በረታ። አሰልጣኟ በስፖኪዮው ስታይ አማቷ መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ደርሰዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«አባባን አመማቸው እንዴ?» አለች ዶክተሯ።

«ደህና ናቸው። አትጠይቂያቸው» አለች አሰልጣኟ። «ማንንም ምንም እንዳትጠይቂ። ንጂ።»

ከገበያው ጀርባ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በአንድ በኩል የትምህርት ቤት አጥር፣ በሌላው የሱቆች ጓሮ፤ መሃሏ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አሰልጣኟ ሆን ብላ ነው እዚያ ያስገባቻት፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ትነዳለች ብላ። እውነትም ዶክተሯ መንገዱን እስኪያጋምሱ ድረስ ግሩም አድርጋ ነዳች። ከዚያ ከፊት ለፊት አንድ የዳቦ መኪና ታጥፎ ገባና አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥመው ቆሙ።

ዶክተሯ ወዲያው ማርሹን ወደኋላ አስገባች። ይህን ያህል ቀልጣፋ ሆና አታውቅም። ግን ኋላቸው አንድ የውሃ ቦቴ ደርሶ ነበር፤ ከቦቴው ኋላም ሌሎች መኪኖች ተደርድረዋል። የቦቴው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ሁኔታውን አየና ሞተሩን አጥፍቶ ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

የዳቦ መኪናው ኋላ ግን ባዶ ነው። ትንሽ ቢመለስ፣ ጎማ ቤቱ ጋ ሰፊ ቦታ አለ። አሰልጣኟ ወርዳ ወደ ሹፌሩ ተጠጋች። ሹፌሩ ሸበት ያለ፣ ወፍራም፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ ያስደገፈ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ወደኋላ በልልን።»

«እኔ ወደኋላ አልሄድም።»

«ምን ሆነህ?»

«ዳቦ ነው የጫንኩት። ትኩስ ዳቦ ወደኋላ አይሄድም።»

«ዳቦው ወደፊትም አይሄድም፤ መኪናው ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው የናንተ መኪና ይሂዳ።»

«የት ይሂድ? ቦቴው አይታይህም?»

«ቦቴው ይሂድ።»

የኋላው በር ተከፈተ። አማቷ ኮታቸውን ቆልፈው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ለሰርግ እንደተጠራ ሰው እየተዝናኑ መጡ። አሰልጣኟ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ቃል ገብተውልኛል።»

«ቃሌ መኪናው ውስጥ ነው። አሁን ውጭ ነኝ» አሉና በሁለቱ መኪኖች መሃል ቆሙ። «ልጆቼ፣ እናንተ እኮ የተጣላችሁት በአንድ ግስ ነው።»

የዳቦው ሹፌር ወደ አሰልጣኟ አየ። «ዳኛ ናቸው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ድሮ ሮማዊው» ብለው ጀመሩ አባባ፣ «መሄድን ‹ሴዴሬ› ይለዋል። ታዲያ ይኸው ቃል መልቀቅም ነው፣ ቦታ መተውም ነው። እንዴት አትሉኝም?»

ማንም አላላቸውም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ከቆመበት ካልሄደ ቦታውን አይለቅም፤ ከለቀቀም ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ ‹ኮንሲድ› ሲሉ፣ አምኜ ለቀቅኩልህ ማለታቸው ነው። ‹ሰክሲድ› ደግሞ መጀመሪያ ከሥር ከሥር መሄድ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተከትሎ ቦታ መውረስ ሆነ፤ ዛሬ ተሳካለት ማለት ነው። አያችሁ፣ ሲሳካለት ስሙን ቀየረ ማለት አይደለም፣ ስሙ ያው ነው፣ ኑሮው ነው የተቀየረ። ‹ኢንተርሲድ› የሚባለው ደግሞ መሃል ገብቶ ማማለድ ነው፤ ይኸው እኔ አሁን እንደማደርገው።»

«እሺ» አለ የዳቦው ሹፌር፣ «ታዲያ ማን ይሂድ ነው የሚሉት?»

«እሱ ጋ ገና አልደረስኩም።»

ቦቴው ኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያንባርቁት ጀመር። የቦቴው ሹፌር ብርቱካኑን እየጎረሰ ወርዶ መጣ። ሥራ የፈታ ሰው ስለነበር ነገሩ ሳይጥመው አልቀረም።

«አባቴ፣ ሞትስ የለበትም?» አላቸው።

አባባ ዓይናቸው በራ። በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። «አለበት እንጂ። ‹ዲሲዝ› ይሉታል። ሄዶ መቅረት።»

«እዚህ ከቆየን እሱ ላይም እንደርሳለን» አለ የቦቴው ሹፌር።

በዚህ መሃል ዶክተሯ መኪናው ውስጥ በላብ ተጠምቃ ነበር። ክላክሱ ሁሉ እሷን የሚሰድብ መስሏታል። በመጨረሻ አላስቻላትም፤ ሁሉንም ይቅርታ ልትጠይቅ ወርዳ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ወደ ዳቦ መኪናው መጣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ መንገዱን...»

ሹፌሩ አያትና ክርኑን ከመስኮቱ አነሳ። አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። በመዳፉ ግራ ጉንጩን ሸፈነ።

ዶክተሯ ንግግሯን አቋረጠች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አሰልጣኟ ቁመቷ ጭምር የጨመረ መሰላት።

«ቆይ» አለች ዶክተሯ። «አንተ ታችኛው ግራ መንጋጋ አይደለህም?»

ሰውየው አፉን ሳይከፍት አይደለሁም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ነህ። ስልክ አናግሬ ልምጣ ብለህ ወጥተህ የቀረኸው። ጥርስህን ቦርቡሬልህ፣ ደንዝዘህ፣ ልሞላልህ ስል። ደረትህ ላይ ያሰርኩልህን ጨርቅ እንኳ ይዘህ ነው የጠፋኸው።»

«ምምም» አለ ሹፌሩ።

«አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። የቦቴው ሹፌር ከነብርቱካኑ ከፈተ። አባባም «ኢንተርሲድ» ሊሉ የጀመሩትን ትተው ከፈቱ። ዶክተሯ የስልኳን መብራት አብርታ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየች፤ ስታይም ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች።

«በዚህ ነው ዳቦ የምታኝክበት?»

«በቀኝ ነው የማኝከው፣ ዶክተር» አለ ሰውየው፣ አፉ እንደተከፈተ በመሆኑ ግን የተሰማው ሌላ ነገር ነበር።

«ዛሬ ከሰዓት እጠብቅሃለሁ። አሁን መኪናህን ወደኋላ ውሰድ።»

ሰውየው ማርሽ አስገብቶ ተመለሰ። አፍህን ዝጋ ስላላለችው አፉን እንደከፈተ ነበር ጎማ ቤቱ ድረስ የሄደው። ጎማ ቤት ያሉት ሰዎች ምን አይቶ ነው ብለው ብዙ ተነጋገሩበት።

ዶክተሯ ተመልሳ መሪዋን ያዘች። ያን ቀን አነዳዷ ሌላ ነበር። አላፊ አግዳሚውን በዓይኗ እየገሠጸች፣ መጋጠሚያውን በጊዜዋ እያለፈች፣ አደባባዩን እንደ ሰው ዞረችው። አሰልጣኟም በደስታ ብዛት የማይባል ነገር አለች፤ «ዶክተር፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው። ከተማው ሁሉ ክሊኒክሽ ነው ብለሽ አስቢ።»

ዶክተሯ ምክሩን ከልቧ ወሰደችው። በፈተናው ቀን በፈታኙ መኪና ከግቢው በር የወጣችው ጎማውን አስጩኻ ነው። አንድ አውቶቡስ ሊቀድማት ሲል መስኮት ከፍታ «ተራህን ጠብቅ» አለችው፤ ጠበቀም። ፈታኙ ጋዜጣውን ገና ሳይዘረጋ እግሩን ከፊቱ ተክሎ፣ እጁን ጣሪያው ላይ አስደግፎ ነበር። ሲመለሱ ወርዶ ትንሽ ግንቡን ይዞ ቆመና በራሷ መኪና ውስጥ ስትጠብቅ ለነበረችው አሰልጣኝ፣ «ወድቃለች። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ» አላት።

አባባ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ «ኤክሲድ» አሉ።

አሰልጣኟ መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሳቅ ነው። መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ በግሱ ስትስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸውም ተማሪ ልክ ሲመልስላቸው ያደርጉት እንደነበረው ራሳቸውን ዝቅ ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያም ሳቋን እስክትጨርስ ድረስ ምንም ሳይጨምሩ ጠበቋት፣ ይህም ለሳቸው ቀላል አልነበረም።

ዶክተሯን ለአምስተኛው ፈተና ያዘጋጃት እንግዲህ የግሱ ነገር ነው። አሰልጣኟ አዛውንቱን ከኋላ አስቀምጣ፣ «አባባ፣ ዛሬ የፈለጉትን ያውሩ» አለቻቸው። እሳቸውም አወሩ። ዶክተሯ እያዳመጠች መፍራትም አልቻለችም፣ መቆጣትም አልቻለችም። ቀስ ብትል ወሬው ይረዝማል፣ ብትፈጥን አንዱን ቃል ካንዱ መለየት ያቅታታል። እንዲሁ ስትል በሁለቱ መሃል የምትነዳበት አንድ ፍጥነት አገኘች፤ እሱም ሕጉ የሚለው ፍጥነት ሆኖ ተገኘ። በፈተናው ቀን ፈታኙ ከጎኗ፣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ፕሮሲድ፣ ሪሲድ፣ ኮንሲድ» እያለች ፈተናውን አለፈች። ፈታኙ ጸሎት መስሎት እሱም አብሯት «አሜን» ብሏል።

የዳቦው ሹፌር ነገር ግን ሌላ ወሬ አመጣ። መንገዱ በተዘጋ ዕለት፣ በተቀጠረበት ከሰዓት አልጠፋም፤ ግን ለብቻውም አልመጣም። በመንገዱ ላይ አሰልጣኟን ፈልጎ አግኝቶ፣ «እህቴ፣ አባባን አውሺኝ» አላት። «ብቻዬን ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ እግሬ ይዞኝ ይጠፋል። እሳቸው ሲያወሩ ግን ሰው መነሳት ያፍራል።»

ስለዚህ አባባ ከማከሚያው ወንበር አጠገብ በርጩማ ተሰጣቸውና ተቀመጡ። ወዲያው አንድ ነገር ገባቸው። ከፊታቸው ያለው ሰው አፉ ተከፍቷል፤ ስለዚህ አያቋርጥም። ደረቱ ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ስለዚህ አይነሳም። ደንዝዟል፤ ስለዚህ ፊቱን አያጨማድድም። እንዲህ ያለ አድማጭ ሕይወታቸውን ሙሉ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከሥሩ ጀመሩለት። ጥርሱ ተሞልቶ ሲያልቅ እሳቸው ገና የመጀመሪያው ቃል «አክሲድ» ላይ ነበሩ። ሹፌሩም ምስኪን ጨዋ ነውና፣ ወፍራም በሆነ ምላሱ «ከዚያስ?» አላቸው።

ዶክተሯ የዚያን ቀን አንድ ነገር ልብ ብላለች። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ እያሉ ይጠፉባት ነበር። ያን ቀን ግን አባባ በመሃል ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ትንሽ ሲያወሩ፣ ሕመምተኞቹ «ቀድሜ ልግባ» በሚል ሊጣሉ ደረሱ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው መቦርቦሪያውን ራሳቸው ጠቆሙና «እባክሽ ቶሎ ጀምሪው» አሏት።

በማግሥቱ አሰልጣኟ ጋ ደወለች። «አባባን በሳምንት ሁለት ቀን ላገኛቸው እችላለሁ? ኮሪደሩ ላይ ወንበር አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ ባለ መደገፊያ።»

እንዲህ ሆነና አዛውንቱ ሥራ ገቡ። አሰልጣኟ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ታወርዳቸዋለች፤ ከሰዓት የመጨረሻ ተማሪዋን ሸኝታ ትወስዳቸዋለች። ሲገቡ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈክቶ ነው።

«እንዴት ዋሉ፣ አባባ?»

«ግሩም ነው ልጄ። ሰዉ ለካ ተርቦ ነው የኖረው። አንዷ ወጣት ‹ሰክሲድ› ላይ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ተነስታ ሮጣ ገባች። ቃሉ ነክቷት ነው።»

አሰልጣኟ በስፖኪዮው አየቻቸው። የምታውቀውን ልትነግራቸው ትችል ነበር። ፍሬቻ አብርታ መንገድ ገባችና፣ «ሳይሆን አይቀርም» አለች። ከዚያ ድምፃቸው ጎርነን ማለቱን ሰምታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጉሮሯቸውን እንዲያረጥቡበት አንድ ኪስ ሙሉ ከረሜላ ገዝታ ያዘችላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አንዱን አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ክሊኒኩ ገቡ፤ ዶክተሯም በሩ ላይ አስቁማ፣ አፋቸውን አስከፍታ፣ ከረሜላውን በመቆንጠጫ አወጣችው፤ የኪሱንም ሁሉ ወሰደችባቸው።